ስለ ልብ ቁርኝትና ስለ ውሰት መልክ
(ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር)



በቀድሞ ዘመን ከቤቱ ርቆ የሄደ ኢትዮጵያዊ ለወላጆቹ ደብዳቤ ሲጽፍ የሚከተለው ደንብ ነበረው። አስቀድሞ የእያንዳንዱን ሰው ጤና ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደኅና ነኝ» ብሎ የራሱን ሁኔታ ያስታውቃል። ጸሐፊው ታሞ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ጐድሎበትም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ደንቡ ደኅና ነኝ እንዲል ያዘዋል፤ አንባቢውም ደንብ መሆኑን ያውቃልና አይታለልም። ከዚህም በላይ በዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ከናፍቆታችሁ በስተቀር» የምትል አንዲት የእውነት በር ተከፍታ ትቀር ነበር። ሰውየው ሁሉ ሞልቶልኛል አይልም፤ እናንተ ጐድላችሁብኛል ይላል።

ዛሬ የደብዳቤውን ቦታ አብዛኛውን ፎቶግራፍ ወስዶታል። ፌስቡክ በ2004፥ ኢንስታግራም በ2010 ከተመሠረቱ ወዲህ (በዚህ ንግግር የሚነሡት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከቤቱ የራቀ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረው ይበልጡን በምስል ሆኗል። ምስሉ ግን «ከናፍቆታችሁ በስተቀር» የሚልበት ስፍራ የለውም። ሰው ያልሆነውን መስሎ በማኅበራዊ መገናኛ የሚታየው ስለ ምንድን ነው? አስተማሪስ በዚህ ነገር ምን ድርሻ አለው? የዚህ ንግግር ጉዳይ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ለምርመራውም ብዙ ኢትዮጵያውያን የኖሩባት ካርቱም ጥሩ ምሳሌ ትሰጣለች።

በካርቱም የታየው ነገር

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከ1974 አብዮት በኋላ በስደት፥ በ1984ና በ1985 በረኀብ፥ ከዚያም ወዲህ በሥራ ፍለጋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሱዳን ተሻግረዋል። በካርቱም ዴምና ጅሬፍ በሚባሉት ሰፈሮች እንጀራ የሚጋገርባቸውና ቡና የሚፈላባቸው የሐበሻ ቤቶች ነበሩ። ሴቶቹ በሰው ቤት በማገልገልና በየመንገዱ ዳር ሻይና ቡና በመሸጥ፥ ወንዶቹም በምግብ ቤትና በግንባታ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ከመካከላቸው ሀብት ያፈሩና የተከበሩ እንደ ነበሩ አይካድም። ብዙዎቹ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ስላልነበራቸው የፖሊስን አፈሳ እየፈሩ ይኖሩ ነበር። ለሌሎችም ከተማይቱ ወደ ሊቢያና ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር የሚያልፉባት የመንገድ ማደሪያ እንጂ መኖሪያ አልነበረችም።

ጦርነቱ በኤፕሪል 15 ቀን 2023 ከመፈንዳቱ በፊት በዚያች ከተማ የኖረች አንዲት ወጣት ትታሰብ። ስድስት ቀን በሰው ቤት ስታጥብና ስትጠርግ ሰንብታ በዕረፍቷ ቀን ከጓደኛዋ ቀሚስና የአንገት ሐብል ትዋሳለች። ከዚያም ወደ ዓባይ ጎዳና ወርዳ፥ በ2008 የተከፈተው የእንቁላል ቅርፅ ያለው ረጅም ሆቴል ከበስተኋላዋ እንዲታይ አድርጋ ፎቶግራፍ ትነሣና በፌስቡክ ታወጣዋለች። በምስሉ ላይ የወለል መወልወያው አይታይም፤ ከአራት ሰዎች ጋር የምትተኛበት ክፍልም አይታይም፤ ለደላላ መከፈል ያለበት ዕዳም አይታይም። «የውጭ አልጋ የውስጥ ቀጋ» እንዲሉ፥ ምስሉ አልጋውን ብቻ ይዞ ወደ አገር ቤት ይደርሳል።

በአገር ቤትም ሦስት ነገር ይሆናል። አንደኛ፥ ልጅቱ ተመችቷታል ተብሎ የሚጠየቀው ገንዘብ ይበዛል። ሁለተኛ፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ችግሯን መናገር የበለጠ ይከብዳታል፤ እንዲህ ያማረባት ሴት ተቸግሬአለሁ ብትል ማን ያምናታል? ሦስተኛውም ከሁሉ የከፋው ነው፤ ታናሽ ወንድሟ ደብተሩን አስቀምጦ የመተማን መንገድ ይጠይቃል። ይህ መንገድ ወዴት ሊያደርስ እንደሚችል ኢትዮጵያውያን በኤፕሪል 2015 በሐዘን ተረድተውታል። በዚያን ጊዜ በሊቢያ በአሸባሪዎች እጅ ከተገደሉት ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች መካከል በሱዳን በኩል ተጕዘው የነበሩ ወጣቶች ነበሩባቸው። ስለዚህ የውሰት መልክ ነገር የጌጥና የከንቱ ውዳሴ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ታዲያ ልጅቱ ውሸታም ናት ብሎ መፍረድ ይገባልን? እንዲህ ያለ ፍርድ ለአፍ ይቀላል፤ የነገሩን ሥር ግን አያሳይም።

የቁርኝት ትምህርት

በካርቱም ከጥቁር ዓባይ ጋር የሚገናኘው ነጭ ዓባይ ከዑጋንዳ ምድር የሚወርድ ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚረዳው ዕውቀትም ከፊሉ የተገኘው በዚያችው በዑጋንዳ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቦልቢ በ1951 ለዓለም የጤና ድርጅት ባቀረበው ጽሑፍ፥ ሕፃን እንጀራና ልብስ እንደሚያስፈልገው ሁሉ የማይለዋወጥ ፍቅርና ቅርበት እንደሚያስፈልገው አስረዳ። ከእርሱ ጋር የሠራችው ሜሪ አይንስወርዝ በ1954ና በ1955 በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች 26 ቤተ ሰቦችን እየጐበኘች 28 ሕፃናትን ተመለከተች፤ ውጤቱንም በ1967 በመጽሐፍ አወጣች። ያየችውም ነገር ማንኛዪቱም እናት የምታውቀው ነው። መዳህ የጀመረ ሕፃን ከእናቱ ጕያ ወርዶ ጥቂት ይርቃል፤ ዞር ብሎ ያያታል፤ መኖሯን ካረጋገጠ ደግሞ ይርቃል፤ ከደነገጠም ተመልሶ ይመጣል። ሕፃኑ ዓለምን ለመመርመር የሚደፍረው የሚመለስበት ሰው እንዳለው ስለሚተማመን ነው።

አይንስወርዝ በኋላ በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ሌላ ፈተና አዘጋጀች። እናት ልጇን መጫወቻ ባለበት ክፍል ትታው ለጥቂት ደቂቃ ትወጣና ትመለሳለች። ተመራማሪዋ አጥብቃ የተመለከተችው ሕፃኑ እናቱ ስትወጣ ማልቀሱን ሳይሆን ስትመለስ የሚያደርገውን ነው። አብዛኞቹ ወደ እናታቸው ሄደው፥ ተጽናንተው፥ ወደ ጨዋታቸው ይመለሳሉ፤ ይህ የተማመነ ቁርኝት ተባለ። ሌሎቹ እናታቸው ከተመለሰችም በኋላ አይጽናኑም፤ እየተጠጉም እየተቈጡም ያለቅሳሉ፤ ይህ ሥጋት ያለበት ቁርኝት ነው። ሌሎቹ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ፊታቸውን አዙረው በመጫወቻው ይጠመዳሉ፤ ይህም የሚሸሽ ቁርኝት ተብሏል። በኋላም ሊቃውንት ለእነዚህ ሦስቱ አራተኛ የተመሰቃቀለ ዐይነት ጨምረውባቸዋል። በ1987 ሲንዲ ሃዛንና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ ተመራማሪዎች እነዚህ ጠባዮች በዐዋቂዎች ፍቅር ውስጥም እንደሚታዩ የሚያመለክት ጥናት አወጡ።

በዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንደኛ፥ ቁርኝት ከእናት ጋር ብቻ አይደለም፤ በኢትዮጵያ ቤት ሕፃን በአያት፥ በአክስት፥ በታላቅ እኅትና በጎረቤት እጅም ያድጋልና የሚተማመንባቸው ሰዎች ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛ፥ የልጅነት ቁርኝት የግንባር ጽሕፈት አይደለም። በኋላ የሚገኝ መልካም የትዳር ጓደኛ፥ ታማኝ ባልንጀራ፥ ወይም ትዕግሥተኛ አስተማሪ ሊያሻሽለው ይችላል።

የውሰት መልክ ከየት ይመጣል?

ሰው በሰው ፊት ሲቀርብ ጥቂት መሰናዳቱ ነውር አይደለም። ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ በ1956 በኤዲንብራ ባሳተመው መጽሐፍ፥ የሰው የዕለት ኑሮ እንደ ተውኔት መድረክ የፊትና የጓዳ ክፍል እንዳለው አሳይቷል። እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል፤ አስተማሪም ክፍል ሲገባ የቤቱን ጭንቀት ከበር ውጭ ትቶ ይገባል። ይህ ጨዋነት ነው። ጭንቅ የሚሆነው ሰውየው የሚመለስበት ጓዳ ሲያጣ ነው። ዶናልድ ዊኒኮት የተባለው የሕፃናት ሐኪም በ1960 በጻፈው ጽሑፍ፥ የራሱ ስሜት ተቀባይ ያጣ ሕፃን አሳዳጊው የሚፈልገውን መልክ መልበስ እንደሚማር ገልጿል። የለበሰውም መልክ እውነተኛውን ማንነቱን ከጉዳት ለመሸሸግ የሚያገለግለው ግድግዳ ነው።

በ2015 ኦረን ጊል-ኦር፥ ዮሲ ሌቪ-ቤልዝና ኦፊር ቱረል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ አሳብ በፌስቡክ ተጠቃሚዎች ላይ መርምረዋል። ለራሱ የሚሰጠው ግምት ዝቅ ያለና ቁርኝቱ ሥጋት ያለበት ወይም የሚሸሽ የሆነ ሰው፥ በፌስቡክ የሚያሳየው መልክ ከእውነተኛ ማንነቱ የራቀ ሆኖ የመገኘት ዝንባሌ እንዳለው አገኙ። እንዲህ ያለው ጥናት ሁለት ነገሮች አብረው መታየታቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን መውለዱን አያረጋግጥም። ቢሆንም አስተማሪ በየቀኑ ከሚያየው ነገር ጋር ይስማማል።

ሥጋት ያደረበት ሰው ምስሉን ካወጣ በኋላ ስንት ሰው እንደ ወደደው ይቈጥራል፤ መልስ ከዘገየ ይታወካል፤ በማግሥቱም የበለጠ ያማረ ምስል ይፈልጋል። የሚሸሸው ሰው በበኩሉ ማንንም እንደማይፈልግ አድርጎ ራሱን ያሳያል፤ በብርታቱ ሥር ያለውን ፍላጎት ይደብቃል። የተማመነውም ሰው ቢሆን የክት ልብሱን ለብሶ ፎቶግራፍ ይነሣል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራ ባጣ ጊዜ ወደ ቤቱ ደውሎ «ሥራ አጥቻለሁ» ሊል ይችላል። ቢናገር ፍቅራቸውን እንደማያጣ ያውቃልና። አበው ይህን ሁሉ በአጭሩ «ልጅን ሲወዱ እስከነ ንፍጡ ነው» ብለውታል። ንፍጡ ተጠርጎለት ብቻ የሚወደድ ልጅ ሲያድግ ንፍጡን መደበቅ ይማራል።

ይሁን እንጂ በስደት ያለ ሰው ሁሉ በልጅነቱ ፍቅር የጐደለው ነው ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ይሆናል። መልካም አስተዳደግ ያገኘም ሰው ቢሆን፥ ለመንገዱ በሬ ተሽጦ፥ ብድር ተገብቶ፥ የመንደሩ ዐይን ሁሉ በእርሱ ላይ ተተክሎ ሲሄድ፥ ከሽመ በሚል ፍርሃት መልክ ይዋሳል። ልብን የሚያሠጋው የልጅነት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የኑሮውም ሁኔታ ነው። እንዲሁም በኢትዮጵያውያን ባህል ስለ ፍቅር ሲባል የሚደበቅ ነገር አለ። በሰው አገር ላለ ልጅ የአባቱ ሞት በስልክ በድንገት አይነገረውም፤ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ቤቱ ሄዶ እንዲያረዳው ይደረጋል። ዛሬ መርዶው ከአርጂዎቹ ቀድሞ በፌስቡክ የሚደርስበት ጊዜ አለና የቀድሞው ጥንቃቄ ምን ያህል ጥበብ እንደ ነበረበት ይታወቃል። ይህ መደበቅ እውነትን የሚያቈየው ሰውየው ብቻውን እንዳይሸከማት ነው። የውሰት መልክ ግን ባለቤቱን ከነሸክሙ ብቻውን ያስቀረዋል።

መገናኛው ራሱ ጥፋተኛ ነውን?

የሱዳናውያኑ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። «ምንበር ሻት» የተባለ የሴቶች ብቻ የሆነ የፌስቡክ ማኅበር ነበር። አባሎቹ የወደዱትን ወንድ ፎቶግራፍ አውጥተው ስለ እርሱ ይጠያየቁ ነበር፤ ባለ ትዳር እንደ ሆነ ወይም ጠባዩ የማይታመን እንደ ሆነ የምታውቅ ሴት ታስጠነቅቃለች። እንግዲህ ሴቶቹ ያማረው መልክ እውነት ይሁን ውሰት የሚፈትኑበት መንገድ አበጅተው ነበር ማለት ነው። በዲሴምበር 2018 ሕዝባዊው ተቃውሞ በተነሣ ጊዜም በዚሁ መንገድ ሰልፈኞችን የሚደበድቡትን የጸጥታ ሠራተኞች ማንነት ያጋልጡ ጀመር።

በጁን 3 ቀን 2019 በካርቱም በጦር ሠራዊቱ ጠቅላይ መምሪያ ፊት የነበሩት ሰልፈኞች በኃይል ሲበተኑ መሐመድ ሃሺም መጠር የተባለው ወጣት ተገደለ። ወዳጆቹ እርሱ ይወደው በነበረው ሰማያዊ ቀለም የራሳቸውን ምስል ተኩ፤ ሰማያዊውም ቀለም በዓለም ሁሉ የሐዘን ምልክት ሆነ። በዚያው ወር ግን አንድ የኢንስታግራም ገጽ ምስሉን ለሌላ ሰው ላስተላለፈ ሁሉ ለሱዳናውያን ምግብ እንደሚሰጥ አስታወቀ። በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ተከተሉት። ምግብ ለማደሉ ማስረጃ ሳይገኝ ቀርቶ ኩባንያው ገጹን ዘጋው። ያው ሰማያዊ ቀለም በአንዱ እጅ እውነተኛ ልቅሶ፥ በሌላው እጅ የውሰት ልብስ ሆነ።

ከጁን 3 እስከ ጁላይ 9 ቀን 2019 ድረስ መንግሥት ኢንተርኔትን በዘጋ ጊዜ የውሰቱም የእውነቱም ምስል አብሮ ጠፋ። በውጭ አገር ያሉ ሱዳናውያን ዘመዶቻቸው በሕይወት መኖራቸውን ለማወቅ ተቸገሩ። በፌብሩዋሪ 2024 ጦርነቱ የስልክና የኢንተርኔት መሥመሮችን በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ባቋረጠ ጊዜ ጭንቀቱ በባሰ ሁኔታ ተደገመ። ከካርቱም በመተማ በኩል የተመለሱትን ኢትዮጵያውያንንም ቤተ ሰቦቻቸው ሲጠብቁ የነበረው በረጅሙ ሆቴል ፊት የተነሣ ፎቶግራፍ አልነበረም። በዋትስአፕ የምትመጣ «ደኅና ነኝ» የምትል ቃል ትበቃቸው ነበር። ሕፃኑ ዞር ብሎ እናቱን እንደሚያይ፥ ዐዋቂውም በስልኩ የሚፈልገው ሰው መኖሩን ያረጋግጣል። ስለዚህ ስልኩን እየነጠቁ መርገም መፍትሔ አይሆንም።

የአስተማሪው ድርሻ

የውሰት መልክ የሚለበሰው በካርቱም ወይም በሌላ የባዕድ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስላል። ነገር ግን ብዙ ልጆች መልክ መዋስን የሚለማመዱት በትምህርት ቤት ነው። አስተማሪው ትምህርቱን ፈጽሞ «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ስድሳው ተማሪ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ከስድሳው መካከል ሃያው አልገባቸውም። ከዚህ ቀደም አንድ ልጅ «አልገባኝም» ብሎ ክፍሉ ስቆበታል፤ አስተማሪውም «የት ሄደህ ነበር?» ብሎ ገሥጾታል። ከዚያን ቀን በኋላ ሃያውም ልጆች ራሳቸውን መነቅነቅ ተማሩ። ውጤቱ ዝቅ ያለበትን የፈተና ወረቀት ቀድዶ የሚጥል ልጅ፥ በወላጁ ስም ራሱ የሚፈርም ልጅ፥ ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን ካያችሁ አትወዱኝም ይላሉ። ስለዚህ አራት ነገር ማድረግ ይገባል።

አንደኛ፥ «አልገባኝም» የሚለው ቃል በክፍል ውስጥ የተከበረ ይሁን። የማስተማር ሥራን የሚማሩ ዕጩ መምህራን «ገባችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ያልገባውን ለይቶ የሚያወጣ ጥያቄ መጠየቅን ይለማመዱ። ልጁ ሲሳሳት ስሕተቱ ይታረም፤ ልጁ ግን አይዋረድ።

ሁለተኛ፥ ተማሪዎች ምንባብን እንደሚመረምሩ ፎቶግራፍንም መመርመር ይማሩ። ከምስሉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው? ያነሣውስ ማን ነው? ለማን እንዲታይ ወጣ? ከስደት የተመለሱ ሰዎች ፈቃደኞች ከሆኑ ወደ ትምህርት ቤት ተጋብዘው የመንገዱን ነገር ራሳቸው ቢያስረዱ፥ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታቸው ከብዙ ተግሣጽ ይበልጣል።

ሦስተኛ፥ በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህ ነገር ይነሣ። በውጭ አገር ልጅ ያለው ወላጅ በደወለ ቍጥር ከገንዘቡ በፊት «ምን ጐደለብሽ? ማን አለሽ?» ብሎ ይጠይቅ። ብትመለሺ ቤትሽ ነው የሚል አንድ ቃል የሰማች ልጅ የውሰት ቀሚስ አታበዛም።

አራተኛው ለኃላፊዎች የሚቀርብ ነው። ትምህርት ቤትም እንደ ሰው መልክ ይዋሳል። ተቈጣጣሪ የሚመጣበት ቀን ሲሰማ ግድግዳ ይቀባል፤ ከሌላ ክፍል ወንበር ይመጣል፤ ያልተሠራው ሥራ በመዝገብ ላይ ተሠርቶ ይገኛል። ይህ የሚሆነው መምህራኑ ከሌሎች ሰዎች ይልቅ ሐሰተኞች ስለ ሆኑ አይደለም። መጽሐፍ አልደረሰንም፤ ተማሪዎቻችን ማንበብ አልቻሉም ብሎ እውነቱን የጻፈ ርእሰ መምህር ከተወቀሰ፥ በሚመጣው ዓመት ያማረ ሪፖርት ይጽፋል። ኃላፊው እውነቱን የነገረውን ሰው በረዳው መጠን እውነትን ያገኛል። መምህሩም ከበላዩ ያላገኘውን መተማመን ለተማሪው ለመስጠት ይቸገራል።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይባላል። የተዋሱት መልክ ግን ከመቅለሉ በፊት ብዙ ልጆችን ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ እስኪቀል መጠበቅ አይገባም። ዛሬ በአራተኛ ክፍል ቆሞ ያለ ፍርሃት «አልገባኝም» ማለት የቻለ ልጅ፥ ነገ በየትኛውም ከተማ ቢሆን ስልኩን አንሥቶ «ተቸግሬአለሁ» ማለት ይቀለዋል። ይህን ድፍረት ሊያለማምዱት ከሚችሉት መካከል አንዱ በየቀኑ በፊቱ የሚቆመው አስተማሪ ነው።